የአሕመድኑር ቁጥሮችና ቀዩ ሜርኩሪ

አሕመድኑር ይማም ከተፈጥሮው ተጸያፊ ሰው ነበር። ሌላ ሰው አፉን ባስነካበት ብርጭቆ አይጠጣም። ሰው ጨብጦት ከሄደ መዳፉን በጨርቅ ሳይጠርግ መበየጃ ካውያውን አያነሣም። እንጀራው ግን የሰውን ጉድፍ ከፍቶ ማየት ሆነ። መካነ ሰላም ገበያ ዳር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ባለችው የቆርቆሮ ሱቁ ለጥገና የሚመጣው ራዲዮ ሁሉ ሆዱ ሲከፈት የበረሮ ሰፈር ነው። የዶሮ ኩስ፣ የጢስ ጥቀርሻ፣ ያበጠ ባትሪ ያስታወከው አረንጓዴ ዝቃጭ። አንድ ጊዜ ከማሻ በመጣ ቴፕ ውስጥ የሞተች አይጥ ከነልጆቿ አገኘና ሳምንት ሙሉ ሥጋ መቅመስ አቃተው።

ያንን የመስተዋት ነገር እንዲያ የወደደውም ለዚህ ይሆናል። ድፍን ነበራ! በረሮ አይገባበት፣ አቧራ አይገባበት፣ የሰው ትንፋሽ አይደርስበት።

በደርግ ጊዜ ወታደር ነበር፤ ተኳሽ ሳይሆን የመገናኛ ራዲዮ ጠጋኝ። ከሚይዛቸው ዕቃዎች አንዱ ከሶቪየት ኅብረት የመጣ፣ ለሁለት ሰው ሸክም የሚበቃ የሞገድ መለኪያ ሣጥን ነው። በሣጥኑ ፊት ቁጥር የሚያሳዩ አራት አምፖሎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ አውራ ጣት ቢያክል ነው። በሆዱ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉት አሥሩ ቁጥሮች በቀጭን ሽቦ ተሠርተው፣ አንዱ ካንዱ ኋላ ቆመዋል። አየሩ ተመጥጦ ወጥቶ በምትኩ ጥቂት ኒዮን ገብቷል። ኤሌክትሪክ አንደኛውን ቁጥር ሲነካው ሽቦው አይግልም፣ አይቃጠልም፤ የከበበው ጋዝ ነው ብርሃን ለብሶ የሚነሣው። ቀለሙ የፍም ነው፤ ዳር ዳሩን ግን ውስጡ ካለችው ከኢምንት የሜርኩሪ ትነት የተነሣ ስስ ሰማያዊ ይታይበታል።

በግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን ጓደኞቹ ክላሽ አንጠልጥለው ወደየአገራቸው ተነሡ። እሱ ሣጥኑን በካቻቪቴ ፈትቶ አራቱን አምፖሎች ከነመሣሪያ ሰሌዳቸው ወሰደ፤ አምፖሎቹን አንድ አንድ እያለ ባወለቃቸው ካልሲዎች ውስጥ ከተተ። ክላሽ የያዙት ሁሉ መንገድ ላይ ተፈትሸው ተቀሙ። እሱን ያስቆመው ታጋይ ካልሲዎቹን ወደ አፍንጫው ቀረብ አድርጎ ፊቱን አዞረና፣ «ሂድ! ሂድልኝ!» አለው።

አገሩ ገብቶ ሱቋን ሲከፍት የመጀመሪያው ችግር እነዚያን ቁጥሮች ማብራቱ ነበር። መቶ ሰባ ቮልት ካላገኙ አይነሡም፤ ያለው ደግሞ የመኪና ባትሪ፣ አሥራ ሁለት ቮልት። ከተቃጠለ ራዲዮ የመዳብ ሽቦ እየፈታ ትራንስፎርመር በእጁ መጠምጠም ጀመረ። የመጀመሪያው ጨሰ። ሁለተኛው እንደ ጥንዚዛ ጮኸና ሞተ። በሦስተኛው፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሰባት ቁጥር ብድግ አለች። ከዚያ ከቻይና ግድግዳ ሰዓት ልብ አወጣ፤ የሷን የሰከንድ ምት የሚቆጥር ሰሌዳ ከሩሲያው ዕቃ ላይ አገጣጠመና በሀበሻ አቆጣጠር የምትሄድ ሰዓት ሠራ። ብዙ ጊዜ ያልበራ ቁጥር ገላው እድፍ እየለበሰ እንደሚደበዝዝ ስለሚያውቅ፣ በየዓርቡ ከጁምዓ በፊት አሥሩንም በየተራ እያበራ ያፍታታቸዋል። ሚስት አላገባም። ለምን ሲሉት፣ «ከሰው ጋር በአንድ ሳህን መብላት ይከብደኛል» ይላል። ቀልድ የመሰለው ይስቃል።

ሰዓቲቱን ለማየት በየገበያው ቀን የሚመጡት የኔታ ገብረ ኢየሱስ ነበሩ፤ ከከተማው ወጣ ባለ ደብር ዜማ የሚያስተምሩ ሸምገል ያሉ ሰው። ለራዲዮናቸው ድንጋይ ሊገዙ ይገቡና ዱላቸውን አገጫቸው ሥር ተክለው ይቀመጣሉ።

«አሥሩም ቆመዋል፤ የተጠራው ግን አንዱ ብቻ» አሉ አንድ ቀን። «ሌላው ሳይገፋፋ ተራውን ይጠብቃል። ይኸ እኮ ማኅሌት ነው፣ አሕመድኑር።»

ከመጣው ሰው ሁሉ እንደሳቸው ያየለት አልነበረም። እሳቸው የተቀመጡበትን በርጩማ ብቻ ሳይጠርግ ይቀመጥበታል።

እንዲህ ሲኖር 2001 ዓመተ ምሕረት መጣ።

ወሬው የመጣው ከዐረብ አገር ነው። እኅቱ ሀጀራ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ባሏ ሙሐሲን መካነ ሰላም ተቀምጦ እሷ የምትልከውን ይበላል፤ ቤት እሠራለሁ ይላል፤ ዓመት ሲመጣ መሠረቱ ከሣር በላይ አይታይም። ያኔ ጅዳ ላይ፣ በአሮጌ የልብስ ስፌት መኪና ውስጥ ቀይ ሜርኩሪ አለ፣ ጠብታው ሚሊዮን ያወጣል ተብሎ ሕዝቡ አብዶ ነበርና፣ ሀጀራ እመቤቷ ሦስት የዛገ የስፌት መኪና ገዝታ አልጋ ሥር መደበቋን እየሳቀች በስልክ ለሙሐሲን ነገረችው። እሷ እየሳቀች ነገረችው፤ እሱ ግን አልሳቀም።

በሳምንቱ ከተማው ሁሉ ዐወቀው። ስፌት መኪና ያለው በር ዘጋ። አሮጌ ራዲዮ ያለው ሆዱን ቀዶ አየ። ለመለየትም ዘዴ ተገኘለት፦ እውነተኛው ቀይ ሜርኩሪ ወርቅ ሲያይ ይጠጋል፤ ነጭ ሽንኩርት ሲሸተው ይሸሻል፤ በመስተዋት ፊት ቢያቆሙት መልኩ አይታይም። እና ቀይ ብርሃን የሚተፋ ጠርሙስ ያለው ማን ነው? አሕመድኑር።

መጡ። ሰላምታ የማያውቁት ሁሉ «አሰላሙ አለይኩም፣ አያ አሕመድኑር» እያሉ መጡ። ራዲዮ ሊያሠራ የመጣ መስሎ አንዱ ከኪሱ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት ያወጣና ዞር ሲልለት አምፖሉን ያሻዋል። ሌላዋ የጥርስ ወርቋን እያሳየች ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ ታገጣለች፤ ሜርኩሪው ወደ ጥርሷ ይመጣ እንደሆን። ሱቁ ከረፋ። የሽንኩርቱ ጠረን በላብ ተለውሶ ከግድግዳው አልለቅ አለ። ማታ ማታ አምፖሎቹን በአልኮል ሲጠርግ የሰው ጣት ቅባት በጥጡ ላይ እየቀረ ያንገሸግሸዋል። «በአላህ ስም፣ ሽቦ ነው! ሽቦና ጋዝ!» ይላቸዋል። እነሱ ዓይናቸውን ጠቀስ ያደርጋሉ። እውነት በተናገረ ቁጥር የደበቀ መሰለ።

ከሁሉም ያቆሰለው ግን የየኔታ ነገር ነው። እንደ ወትሮው በገበያ ቀን ገቡ፤ ተቀመጡ። ወትሮ የሚቀመጡት ከሰዓቲቱ ራቅ ብለው ነው፤ የዚያን ቀን በርጩማዋን ሳብ አድርገው ተጠጉ። ጋቢያቸውን ገለጥ ሲያደርጉ ጠረኑ ወጣ፤ ነጭ ሽንኩርት ነው። አሕመድኑርን ሸተተው። ቀና ብሎ አያቸው፤ እሳቸው ዓይናቸውን ሰበሩ። እጃቸው ጋቢው ውስጥ እንደተጨበጠ ቀረ።

«ድንጋይ ልስጥዎ የኔታ?» አላቸው።

«አይ... ዛሬስ አለኝ» ብለው ተነሡ። ከዚያ በኋላ ብዙ ወር አልመጡም። እሱ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በርጩማዋን በውኃ አጠባት።

በዚያው ሰሞን ሙሐሲን ከደሴ አንድ ደላላ ይዞ ገባ። መሐሙድ ይባላል፤ ሽቶው ከሰውየው ቀድሞ የሚደርስ፣ ጥርሱ በጫት የወየበ፣ በቀኝ እጁ ትንሽ ጣት ትልቅ የወርቅ ቀለበት ያሠረ። አሕመድኑር ሁለቱንም ከበር መለሳቸው። ሙሐሲን ግን የዘመድ ነገር ሆኖ የሱቁ ቁልፍ በእጁ ነበር።

ዓርብ ነው። አሕመድኑር ከጁምዓ ሲመለስ ሱቁ ገርበብ ብሏል። ገባ። ሙሐሲን ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። ከፊቱ አንዱ አምፖል በፒንሳ ተሰባብሮ ተበትኗል፤ አሥሩ የሽቦ ቁጥሮች እንደ ዓሣ አጥንት ተጣመዋል። ጣቱን በስባሪው መካከል እየሰደደ ይፈልጋል። ደሙ ይወርዳል፤ በደሙ ላይ ደግሞ ሽንኩርት ያሻል።

«የት ገባ? የት ገባ?» ይላል ለራሱ።

«ምን እየሠራህ ነው አንተ ከንቱ!»

ሙሐሲን ቀና አለ፤ አላፈረም። «ፈሳሹን የት ነው ያደረግኸው፣ አሕመድኑር? ለእኅትህ እንኳ አታዝንም?»

ደላላው መሐሙድ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሁለቱን አምፖሎች ቀድሞ ኪሱ ከቷል። «አትቆጣ ወንድም ዓለም» አለ ጫቱን ከጉንጭ ወደ ጉንጭ እያዞረ። «ድርሻህን ትወስዳለህ። ሐላል ገንዘብ ነው።» ይህን ብሎ ሰዓቲቱ ላይ የቀረውን አራተኛውን አምፖል ሊነቅል ባለ ቀለበቱን እጅ ሰደደ።

ባትሪው አልተፈታም ነበር። መቶ ሰባው ቮልት በቀለበቱ ገብቶ በክርኑ ወጣ። መሐሙድ ጮኾ ከግድግዳው ጋር ተላተመ፤ ያኘከው ጫት ከአፉ ወጥቶ አገጩ ላይ ተለጠፈ። አሕመድኑር አሁንስ ትምህርት ሆነው ብሎ ሲያስብ፣ ሰውየው ዓይኑ በርቶ ተነሣ።

«አየህ! አየህ ሙሐሲን! ወርቁን ሲያይ እንዴት እንደዘለለ! ሕይወት አለው!»

«ወላሂ አለው!» አለ ሙሐሲን፤ የደማ ጣቱን እየጠባ።

አሕመድኑር አጠገቡ ያገኘውን ፒንሳ አንሥቶ «ውጡ!» ብሎ አንባረቀ። ወጡ፤ ሁለቱን አምፖሎች ግን ይዘው ነው የወጡት። ተከትሎ እስከ ወፍጮ ቤቱ ሮጠ። ወፍጮ የሚጠብቀው ሰው ከቦ፣ «ሸጥኸው እንዴ? ለኛስ አይተርፍም?» አለው። እዚያው ቆመ። ለማን አቤት ይላል? ዳኛ ይሆናል ያለው ሁሉ ምራቁን እየዋጠ ዋጋ ይጠይቀዋል።

ከወር በኋላ ሀጀራ ደወለች። ሙሐሲን ለቤት ማሠሪያ የላከችውን ሁሉ ለመሐሙድ አስረክቧል፤ ጠርሙሱን ወደ ውጭ አገር ለማስወጣት ሜርኩሪው እንዳይሸሽ የሚያደርግ መድኃኒት ያስፈልጋል ብሎት። መሐሙድ ስልኩ ጠፍቷል።

«አያ» አለች፤ ድምጿ ከርቀቱ የተነሣ እየተቆራረጠ፤ «እውነቱን ንገረኝ። ከኔ የደበቅኸው ነገር አለ?»

«ሀጀር፣ አንቺም?»

«አታውቀውም እኔ ያለሁበትን። የሰው ሽማግሌ ሽንት ነው የማነሣው። እውነት ቢሆን ብዬ ተመኘሁ፤ ምን አለበት?»

«እውነት አይደለም። ሽቦና ጋዝ ነው።»

«እንግዲያ አራት ዓመቴ ጋዝ ሆነ» ብላ ዘጋችው።

አሕመድኑር ከሰዓቲቱ ላይ የቀረውን አንድ አምፖል ነቅሎ ሣጥን ከተተው። ማየት አልቻለም።

በ2002 ጥቅምት ላይ የወግዲ ነጋዴ ወሬ አመጣለት። እዚያ ገጠር ደሳለው የሚባል ገበሬ ጥንድ በሬውን ሸጦ ከደሴ ሰው አንድ ጠርሙስ ገዝቷል፤ ውስጡ የሽቦ ቁጥር አለ። አሕመድኑር በነጋታው በእህል መኪና ተሳፈረ። መንገዱ ይነቀንቃል፤ አጠገቡ የተቀመጠች ሴት ጫማው ላይ አስታወከችበት። ወግዲ ወርዶ ሦስት ሰዓት በእግሩ ሄደ።

ደሳለው ከሲታ፣ ጉንጩ የጎደጎደ ሰው ነው። ሚስቱ ሸዋረግ እግር ውኃ አቀረበች። ቤታቸው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ከተከለከለ ወራት አልፈዋል፤ መስተዋትም ተሰባብሮ ተጥሏል። ደሳለው በሩን ዘግቶ ከጎታው ሥር በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለውን አወጣ። አሕመድኑር አወቀው፤ የሰዓቷ የደቂቃ ቁጥር ነበር።

«አያ ደሳለው፣ ይኸ የኔ ነው። ከሱቄ የተሰረቀ ነው። ውስጡ ምንም የለም።»

ደሳለው ፈገግ አለ። «እንደዚህ የሚሉ ሰዎች እንደሚመጡ ሰውየው ነግሮኛል። ዐዋቂዎቹ ይመጡና የለውም ይሉሃል፣ በነፃ ሊወስዱብህ፣ ብሎኛል።»

ማለ። በአላህ፣ በነቢ፣ በእናቱ መቃብር ማለ። ደሳለው ጭራሽ ተጠጋው፤ ትንፋሹ የባዶ ሆድ ትንፋሽ ነው። «አንተ የመሣሪያ ዐዋቂ ነህ፤ ማኅተምም አለህ አሉ። እውነተኛ ነው ብለህ ጻፍልኝ። ብቻ አንድ ወረቀት!»

«ምን ልታደርገው?»

«ላማቴ ልሸጠው። እሱ በሬ አለው።»

የተበላው ሰው ልጁን የዳረለትን ሊበላ ነው። አሕመድኑር ከዚያ ጨለማ ቤት ብድግ ብሎ መውጣት ፈለገ፤ ግን አምፖሉን ትቶ ቢወጣ አማትየው በሬውን ያጣል፤ አማትየውም ለሌላ ይሸጠዋል። እጁ ላይ አገላበጠው፤ በቀዳዳ በሚገባው ብርሃን ፊት አቆመው። ከዚያም አፉ ያላሰበውን ተናገረ።

«ሞቷል» አለ።

ደሳለው ደነገጠ። «ምን?»

«ሜርኩሪው ሞቷል። ነጭ ሽንኩርት ነክቶታል።»

እውነቱን ግማሽ ቀን ሲምል ያላመነው ሰው ይህን ባንድ ጊዜ አመነ። መሬት ላይ ቁጭ አለ። ከወዲያ ግን ሸዋረግ ደረቷን ደቃች።

«እኔ ነኝ! ኧረ እኔ ነኝ! ልጁ ጉንፋን ሲይዘው ከጎረቤት አንዲት ፍሬ አምጥቼ አጠጣሁት!»

ደሳለው ዱላውን አነሣ። አሕመድኑር መካከል ገብቶ ክንዱን ያዘ። «በሷ አይደለም! በመንገድ ነው የሞተው፣ ሲመጣ ነው የሞተው!» ይላል፤ በውሸቱ ላይ ሌላ ውሸት እየቀጠለ። ደሳለው ዱላውን ጣለ፤ ፊቱን ግን ከሚስቱ ላይ አላነሣም። «ውሰደው፤ ሬሳ ቤቴ አላሳድርም» አለና አሕመድኑርን ከነጠርሙሱ ወደ በሩ ገፋው።

ሱቁ ገብቶ አበራው። አምፖሉ እንደ ድሮው በራ፤ አንድም ቁጥር አልጎደለውም። አሕመድኑር ግን ያኔ የመሐሙድ ጫት የተለጠፈበትን አገጭ አስታወሰ። የዚያን ሰው ቋንቋ ተናግሯል፤ ያውም አቀላጥፎ። አጥፍቶ አፉን በውኃ ተጉመጠመጠ፤ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። አልለቀቀውም።

ይባስ ብሎ ደሳለው ወዳጅ ሆነው። መካነ ሰላም በመጣ ቁጥር ማር ከነሰፈፉ ይዞለት ይመጣል። «ባማቴ ፊት ሳልዋረድ የደረስህልኝ አንተ ነህ» ይላል። አሕመድኑር አንድ ቀን አልቻለምና፣ «ዋሽቼህ ነው፤ መጀመሪያውንም ሕይወት አልነበረውም» አለው። ደሳለው ሳቀ። «አንተ ደግሞ ደግነትህ! ሴትዮዋን ልታድንልኝ ነው። እሷ ናት ያጠፋችኝ፤ አውቀዋለሁ።» አሕመድኑር ይህን ሰምቶ ወደ ካውያው ተመለሰ። ማሩን ለወፍጮ ቤቱ ሰዎች ሰጠው።

የኔታ የተመለሱት በሁለተኛው ዓመት ነው። ደጁ ላይ ቆሙ፤ ግቡ እስኪባሉ።

«ያን ቀን ሸትቼህ ነበር፣ አይደል?» አሉ።

«ሸተውኛል የኔታ።»

«እኔም ለራሴ ሸትቼ ነው የቀረሁት። የደብሩ ጣራ ያፈሳል፤ ለጣራ ነው አልሁ። ሰው ለስስቱ ስም አያጣለትም።» ተቀምጠው ባዶዋን ሰዓት አዩ። «ቁጥሮቹስ?»

«ሁለቱ ቀርተውኛል። ማየት ግን አስጠላኝ። ባየኋቸው ቁጥር ሰው ነው የሚታየኝ።»

«እንግዲያ አንተ ለምን አትሠራም? ሩሲያዊ ከሠራው አንተ ምን ያንስሃል? ደግሞ በግዕዝ አድርገው። እንዲያ ሲሆን ከደላላ ወገን የሚያነበው የለም።»

ቀልድ ነበር፤ አሕመድኑር ግን ያዘው። ከደሴ የቁራሌ ተራ የሁለት ሙት ፍሪጅ ኮምፕረሰር አመጣ። አንዱን ካንዱ ጋር በቧንቧ አገናኝቶ አየር የሚመጥ መሣሪያ ሠራ። ለገላው ወፍራም የመስተዋት ቱቦ፣ በቁጥሩ ፊት ለሚቆመው ለሁለተኛው የኤሌክትሪክ ጫፍ ደግሞ የሻይ ማጥለያ ወንፊት ቆረጠ። ቁጥሩን የኔታ በከሰል ሣሉለት፤ እሱ በፒንሳ አጣመመው። መስተዋቱ ስንት ጊዜ እንደተሰነጠቀ፣ ሙጫው ስንት ጊዜ እንዳስተነፈሰ እሱ ራሱ ረስቶታል። አንዱ ቱቦ ወደ ውስጥ ፈንድቶ ቅንድቡን ሰነጠቀው። ኒዮን ከየት ያመጣል? ያለው አየር ብቻ ነው፤ የመካነ ሰላምን አየር አሳስቶ አሳስቶ ማብራት ነበረበት። በአሥራ አንደኛው ወር፣ ኮምፕረሰሮቹ እንደ ሁለት ሕመምተኛ እየተነፈሱ፣ በሽቦው ዙሪያ ሐምራዊ ጭጋግ ተነሣ፤ ቀስ ብሎ ጠበበ፤ «፯» ሆነ። ወፍራም፣ ዳሩ የተንቀጠቀጠ፣ እንደ ሩሲያው ያላማረ። የኔታ ቆመው አማተቡ። ኮምፕረሰሩ በቆመ በሰዓቱ አየር ሰርጎ ገባና ጠፋ። አሕመድኑር ግን የዚያን ዕለት እራቱን በደንብ በላ።

በ2006 ሳዑዲ ሐበሻውን ስትጠርግ ሀጀራ በአንድ ፌስታል ልብስ ተመለሰች። ባሏ ቤት አልገባችም። ቃዲ ዘንድ ሄዳ ፍቺ ጠየቀች፤ ሙሐሲን ያኔ ደግሞ የጥንት ብር አለ የሚሉ ሰዎችን ተከትሎ ከተማ ለከተማ ይዞር ነበርና፣ ለፍርዱም አልቀረበም። ወንድሟ ሱቅ ገብታ፣ «እስቲ ያንን ነገር አሳየኝ» አለችው። ኮምፕረሰሮቹን አስነሥቶ ራሱ የሠራውን አበራላት። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ያምራል» አለች። «አራት ዓመት ግን አያምርም።»

ያኔ አሕመድኑር ለማንም ያልነገረውን የወግዲውን ነገር ነገራት። ውሸቱን እንደተናገረው ቃል በቃል ነገራት። ሀጀራ ስለ አምፖሉ አልጠየቀችም።

«ሴትዮዋን መታት?»

«አልመታትም፤ ያዝሁት።»

«አንተ ከወጣህ በኋላስ?»

አያውቅም። አራት ዓመት አልፎታል፤ አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም። ሀጀራ ተጸይፋ ስታየው አስተዋለ፤ ሰው እሱን እንዲህ አይቶት አያውቅም ነበር።

በነጋታው ይዛው ወግዲ ሄደች። ደሳለው ማር ሊያመጣ ሲነሣ፣ ሀጀራ «ተቀመጡ አያ» አለችው። «ጠርሙሱን የሸጠልዎ ሰውዬ ባሌ የነበረውንም አሞኘው፤ ቤቴን ተበልቻለሁ። እንደ እርስዎ። ጠርሙሱ መጀመሪያውንም ባዶ ነው። የሚሞት ነገር አልነበረውም።» ወንድሟን ያላመነው ደሳለው የተበላችውን አመነ። ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፤ ቀጥሎ አመድ መሰለ። ወደ ሚስቱ ዞረ።

ሸዋረግ ከምድጃው አጠገብ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። «አራት ዓመት» አለች፤ ድምጿን ሳታነሣ። «በሬዎቹን እየቆጠረ ይሰድበኛል። ልጁ እንኳ 'አጥፊዋ' ይለኛል። አንተ ታውቅ ነበር፤ ማሩን ይዞልህ ሲመጣም ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር» አለ አሕመድኑር።

ሸዋረግ ወደ ጎን ዞራ እንትፍ አለች። ምራቁ ያረፈው ከጫማው አጠገብ መሬት ላይ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እግሩን በሰበሰበ፤ የዚያን ቀን አልሰበሰበም።